ኩባንያው አተረፈ፣ አክሲዮኑ ግን ወረደ፤ እንዴት ነው ነገሩ?

ጀማሪ ባለአክሲዮን

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳብሰለስለው ቆይቼ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ከዓመት በፊት የሁለት ኩባንያዎችን አክሲዮን ገዛሁ። ስማቸው ይቅር። የመጀመሪያው ትርፋማ ነው። በቅርቡ የሩብ ዓመት ሪፖርቱ ሲወጣ ትርፉ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ14 በመቶ አድጓል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ገበያው ሲከፈት አክሲዮኑ 11 በመቶ ወርዶ አገኘሁት። ሁለተኛው ኩባንያ እስካሁን አትርፎ አያውቅም። እሱም በዚያው ሳምንት ሪፖርት አወጣ። አሁንም ከስሯል። አክሲዮኑ ግን 9 በመቶ ወጣ።

ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው ድርጅት ሲያተርፍ ዋጋው እንደሚጨምር፣ ሲከስር እንደሚቀንስ ነው። ደንግጬ የመጀመሪያውን ሸጥኩት። ያ ገንዘብ ለኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዓመታት ያጠራቀምኩት ነው። ከመሸጤም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ነገሩ አለመግባቱ ነው። ትርፍና ኪሳራ ዋጋውን ካልወሰኑት ምን ይወስነዋል? እባካችሁ ወንድማችሁን አስረዱት።


ቁጥር ወዳድ

ሰላም ወንድሜ። ድንጋጤህ በደንብ ይገባኛል። እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ወደዚህ ነገር የገባሁት።

ትርፍና ኪሳራ ዋጋውን ይወስናሉ። ግን ሪፖርቱን ባነበብክበት ቀን አይደለም። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ሰዎች ስለዚያ ኩባንያ አንድ ነገር ሲጠብቁ ቆይተዋል። የጠበቁትን ይዘው ገዝተዋል፣ ሸጠዋል። ስለዚህ የሚጠበቀው ትርፍ የትናንቱ ዋጋ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል። ሪፖርቱ ሲወጣ ገበያው "አተረፈ ወይስ ከሰረ?" ብሎ አይጠይቅም። "ካሰብነው በለጠ ወይስ አነሰ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ያንተ ኩባንያ 14 በመቶ አደገ። 20 በመቶ ይጠበቅ ከነበረ ግን 14 መጥፎ ዜና ነው። ሌላኛው 100 ሚሊዮን ይከስራል ተብሎ 60 ሚሊዮን ብቻ ከከሰረ፣ ያ ኪሳራ የምሥራች ነው።

ሁለቱንም በአንድ ኩባንያ ላይ ማየት ከፈለግክ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ውሰድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በፌብሩዋሪ 2022 መጀመሪያ ላይ የ2021ን የመጨረሻ ሩብ ዓመት ሪፖርት አወጣ። በሦስት ወር ብቻ 10.3 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ። በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወደቀ። በአንድ ቀን ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ የገበያ ዋጋ ጠፋ። ለምን? በየቀኑ ፌስቡክ የሚከፍተው ሰው ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀንሶ ነበር። ለቀጣዩ ሩብ ዓመት የሰጡት የገቢ ግምትም ከተጠበቀው በታች ሆነ። አፕል በስልኮቹ ላይ ያደረገው የግላዊነት ለውጥ በዚያ ዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንደሚያሳጣቸው ራሳቸው ተናገሩ። ትርፉ ያለፈው ወሬ ነው። ሰው የደነገጠው ስለሚመጣው ነው።

አሁን አንድ ዓመት ዝለልና ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ና። የሩብ ዓመቱ ትርፍ 4.65 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። የዓመት በፊቱን ግማሽ እንኳን አይሞላም። አክሲዮኑ ግን በአንድ ቀን 23 በመቶ ተተኮሰ! በመሃል የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። በ2022 መጀመሪያ ከ300 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን በኖቬምበር ከ90 ዶላር በታች ደርሶ ነበር። ሁሉም ተስፋ ቆርጧል። በዚያ ላይ ገቢያቸው ከተፈራው በለጠ። ወጪ እንቀንሳለን አሉ። 40 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የራሳቸውን አክሲዮን መልሰው እንደሚገዙ አስታወቁ። እኔ እነዚህን ሁለት ፌብሩዋሪዎች ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ ፍንትው ያለልኝ።


ጥያቄ አበዛሁ

ኔትፍሊክስም አለ። ኤፕሪል 2022 ላይ በሦስት ወር 1.6 ቢሊዮን ዶላር አትርፌያለሁ አለ። በዚያው ሪፖርት 200 ሺህ ደንበኛ እንደቀነሰበት ተናገረ። በማግስቱ 35 በመቶ ወረደ። ያኔ አክሲዮኑን ይዤ ነበር። ያቺን ጠዋት አልረሳትም።


እውነቱን እንነጋገር

ይቅርታ፣ ግን "የተጠበቀ" የሚለው ቃል ሁሌ ማምለጫ ይመስለኛል። ዋጋ ከወረደ በኋላ "ከተጠበቀው በታች ነበር" ማለት ለማንም ቀላል ነው። ማን ነው የጠበቀው? የት ነው የተጻፈው? እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ትልልቆቹ ገንዘብ ያዦች ቀድመው ያውቃሉ። ቀድመው ይገዛሉ። እኛ ዜናውን ስንሰማ እነሱ ይሸጡልናል። ይህን ልጅ ያስደነገጠው እሱ ነው።


ቁጥር ወዳድ

ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አልሸሸውም።

መጀመሪያ፣ ግምቱ የተጻፈ ነገር ነው። ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚከታተሉ ተንታኞች ከሪፖርቱ በፊት የየራሳቸውን ግምት ያወጣሉ። የነሱ አማካይ በፋይናንስ ድረ ገጾች ላይ ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ይታያል። ቀኑ ሳይደርስ አንብበህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ዋጋ ከወረደ በኋላ የሚፈጠር ሰበብ አይደለም። ደግሞም አማካዩ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ባለሀብት ከተንታኞቹ የበለጠ ይጠብቅ ይሆናል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ በኦገስት 2024 ገቢዬ በዓመት ውስጥ 122 በመቶ አደገ ብሎ፣ ከተንታኞች ግምትም በልጦ፣ በማግስቱ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰው የለመደው ከዚያም በላይ ነበር።

ሁለተኛው፣ ቀድሞ ማወቅ ስለሚባለው። የውስጥ ምስጢር ይዞ መገበያየት በብዙ አገር ወንጀል ነው። ግን ከፊል እውነት አለህ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2000 ድረስ ኩባንያዎች ለተመረጡ ተንታኞች መረጃ ቀድመው ሹክ ማለት ይችሉ ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ሥራ የጀመረ ደንብ ነው ለሁሉም እኩል ንገሩ ያላቸው።

ከዚያ ውጪ ግን በሕጋዊ መንገድም ብዙ ነገር ቀድሞ ይታወቃል። የተፎካካሪው ሪፖርት ቀድሞ ይወጣል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ይታያል። ኩባንያው ራሱ በየጊዜው ፍንጭ ይሰጣል። በ1968 ቦል እና ብራውን የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ምሁራን 261 ኩባንያዎችን ይዘው ይህንን አጥንተዋል። ዓመታዊ ትርፉ ከሚነግረን ነገር አብዛኛው፣ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው፣ ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ወራት ዋጋው ውስጥ ገብቶ አገኙት። ትርፋቸው ሊያድግ ያለ ኩባንያዎች አክሲዮን ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ነበር። ሊቀንስ ያለው ደግሞ ቀስ እያለ ሲወርድ።


የሒሳብ መዝገብ

ውይይቱ ደስ አለኝ። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሴትዮዋ ሁሌ ስለ መዝገብ ታወራለች እንዳትሉኝ፣ ይህ ነገር በጣም ብዙ ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ነው።

"ኪሳራ" የሚለው አንድ ቃል ውስጥ ብዙ የተለያየ ነገር ታጭቋል። ገንዘብ ከካዝና የወጣበት ኪሳራ አለ። ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ኪሳራም አለ። ኤኦኤል ታይም ዋርነር የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔትና የሚዲያ ኩባንያ በ2002 ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ መዘገበ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ያን ያህል ገንዘብ በዚያ ዓመት ከድርጅቱ አልወጣም። ኤኦኤል እና ታይም ዋርነር ሲዋሃዱ በውድ ዋጋ የተመዘገበው ጉድዊል የሚባለው ሒሳብ (ከንብረቱ ዋጋ በላይ የተከፈለው ማለት ነው) ዋጋ እንደሌለው ታምኖ ስለተሰረዘ ነው። ባለአክሲዮኑ ይህን ቀድሞ አውቆታል። አክሲዮኑ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ነበር የቆየው። መዝገቡ ገበያውን ዘግይቶ ተከተለው።

የብዙ ሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን የያዘውን የአሜሪካውን በርክሻየር ሃታዌይን ደግሞ ተመልከቱ። ለ2022 የ22.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አሳወቀ። ምክንያቱ የያዛቸው የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮኖች በዚያ ዓመት ዋጋቸው መውረዱ ነው። የሒሳብ ደንቡ ያልተሸጠ አክሲዮን ዋጋ ለውጥ እንኳን በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዳል። የድርጅቱ የራሱ ሥራ ግን በዚያው ዓመት 30.8 ቢሊዮን ዶላር አስገኝቷል። እስከዚያ ድረስ ትልቁ ነበር። አጠቃላይ የአሜሪካ ገበያ ክፉኛ በወረደበት በዚያ ዓመት የበርክሻየር አክሲዮን ትንሽ ከፍ ብሎ ዘጋ። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው "22 ቢሊዮን ከሰረ" ብሎ ይሸጥ ነበር።

ትርፍም እንደዚያው ነው። አማዞን በ2021 የመጨረሻ ሩብ ዓመት 14.3 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ ሲባል፣ ከታክስ በፊት 11.8 ቢሊዮኑ የመጣው ሪቪያን ከሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ላይ የነበረው ድርሻ ዋጋው ስለጨመረ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ድርሻ ወረደና አማዞን ዓመቱን በ2.7 ቢሊዮን ኪሳራ ዘጋ። ዕቃ መሸጡም፣ ኮምፒውተር ማከራየቱም ግን በሁለቱም ዓመት ቀጥሏል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እስቲ ያን 14 በመቶ ፈትሸው። ከዋናው ሥራ የመጣ ነው ወይስ ሌላ ነገር ተሽጦ? ሪፖርቱ ውስጥ "ሌሎች ገቢዎች" የሚል መስመር አለ። ማብራሪያውንም ፈልገው፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚሆነው።


ጀማሪ ባለአክሲዮን

እህቴ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ እፈትሸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልዋጥልህ አለኝ። እሺ፣ ከተጠበቀው ትንሽ አነሰ እንበል። ትንሽ ካነሰ ትንሽ መውረድ አይገባውም? 35 በመቶ፣ 26 በመቶ ከየት ይመጣል?


ረጋ ብሎ

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ።

አንድ ኩባንያ በአንድ አክሲዮን በዓመት 10 ዶላር ያተርፋል ተብሎ ይጠበቃል እንበል። ገበያው ለዚያ ትርፍ 20 እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ዋጋው 200 ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ ትርፉ 9 ሆነ። የጎደለው 10 በመቶ ነው። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ሰው 20 እጥፍ የከፈለው ድርጅቱ ገና ብዙ ያድጋል ብሎ ነው። 9ን ሲያይ "ይሄ እንዳሰብነው አያድግም" ይላል። ከዚያ በኋላ 15 እጥፍ ብቻ ይከፍላል። 9 ሲባዛ በ15፣ 135። ትርፉ 10 በመቶ ጎደለ፣ ዋጋው 32.5 በመቶ ወደቀ። ሁለት ጊዜ ነው የተመታው። አንዴ በትርፉ፣ አንዴ በእጥፉ።

አሁን ገልብጠን እንየው። ያው ኩባንያ፣ ያው 200። አንድ መጋዘኑ ተቃጠለና የዘንድሮው ትርፍ በሙሉ ጠፋ። ዜሮ። ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ድሮው እንደሚመለስ ሁሉም እርግጠኛ ነው። ስንት መውረድ ይገባዋል? የጠፋው የአንድ ዓመት 10 ዶላር ነው። ከ200 ላይ 5 በመቶ ብቻ። የዓመቱ ትርፍ ድምጥማጡ ጠፍቶ፣ ዋጋው ትንሽ ብቻ ተነካ።

እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው ደጋግሜ ነው ያረጋገጥኩት። የአክሲዮን ዋጋ የአንድ ዓመት ዋጋ አይደለም። ከፊት ያሉት የብዙ ዓመታት ትርፍ በዛሬ ገንዘብ ተተምኖ ነው። አንድ መጥፎ ዓመት ከብዙ ዓመታት አንዱ ነው። ያ መጥፎ ዓመት ስለቀሪዎቹ ዓመታት የሚናገረው ነገር ካለ ግን ሁሉንም ይነካል። ስለዚህ ኪሳራ ስታይ መጠኑን ከማየትህ በፊት "ይህ ይደገማል ወይ?" ብለህ ጠይቅ።

ብዙ እጥፍ የሚከፈልበት አክሲዮን ሲጎድልበት የበለጠ የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ወለድ ሲጨምርም እንዲሁ። የሩቅ ዓመታት ትርፍ በዛሬ ገንዘብ ሲተመን ያንሳል፣ ትርፋቸው ሩቅ የሆነ ኩባንያዎች የበለጠ ይጎዳሉ።


የቆየሁ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ሰው ነኝ። ሁላችሁም የጻፋችሁትን አነበብኩ። ኪሳራ ላይ ስላለው ስለ ሁለተኛው ኩባንያ ግን ማንም በቂ ነገር አላለም። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት እንደዚያ ዓይነት ኩባንያ ያዝኩ። በየሪፖርቱ ኪሳራው ከተጠበቀው ያንስ ነበር። አክሲዮኑም በየጊዜው ይወጣ ነበር። እኔ ደስተኛ ነበርኩ። ያላየሁት አንድ ነገር ነበር፤ ባንክ ያለው ገንዘብ። ኪሳራው ቢያንስም ኪሳራ ነው። ከሆነ ቦታ ይሸፈናል። አንድ ቀን ኩባንያው አዲስ አክሲዮን አውጥቶ በርካሽ ሸጠ። 100 የነበረው አክሲዮን 150 ሆነ ብላችሁ አስቡት። የኔ ድርሻ ሳልሸጥ፣ ሳልለውጥ ከሦስት እጁ ሁለቱ ብቻ ቀረኝ። ዋጋውም በዚያው ቀን ወረደ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ማትረፍ ጀመረ። የኔ ድርሻ ግን ተመልሶ አልሞላም።

ሰዎች ሁልጊዜ አማዞንን ይጠቅሱልኛል። ከስሮ ከስሮ የት ደረሰ ይሉኛል። እውነት ነው። በ1997 ነው ወደ ገበያ የገባው። የመጀመሪያው ትርፋማ ሩብ ዓመቱ የ2001 መጨረሻ ነበር፤ 5 ሚሊዮን ዶላር። ግን በ2000 ብቻ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። ከ1999 መጨረሻ እስከ 2001 መጸው ድረስ አክሲዮኑ ከ90 በመቶ በላይ ወድቋል። ያዳነው አንዱ ነገር በፌብሩዋሪ 2000፣ ገበያው ከመውደቁ ከሳምንታት በፊት፣ 690 ሚሊዮን ዩሮ መበደሩ ነው። በዚያ ዘመን ይህን ዕድል ያላገኙ፣ ዛሬ ስማቸውን የማናስታውሳቸው ብዙዎች ነበሩ።

ሌላው ስለ ማግስቱ ጠዋት ነው። ብዙ ኩባንያዎች ሪፖርት የሚያወጡት ገበያው ከተዘጋ በኋላ ወይም ከመከፈቱ በፊት ነው። ስለዚህ ዋጋው ደረጃ በደረጃ አይወርድም። ትናንት 100 ላይ ይዘጋል፣ ዛሬ 80 ላይ ይከፈታል። በመሃል ያለው ዋጋ የለም። እኔ 95 ላይ ሲደርስ ይሸጥልኝ ብዬ ትዕዛዝ አስቀምጬ ነበር። በ80 ተሸጠ። ደላላው አላታለለኝም። በ95 የሚገዛ ሰው አልነበረም፣ ይኸው ነው።


ጀማሪ ባለአክሲዮን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኔም እንዲሁ ነው የሆነው። 11 በመቶው ከመክፈቻው ነው የወረደው። እኔ አንድ ሰው ሆን ብሎ የጣለው ነበር የመሰለኝ።


ጥያቄ አበዛሁ

እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። የብረት፣ የነዳጅ፣ የመርከብ ኩባንያዎች ላይ ይህ ስሌት የተገላቢጦሽ የሚሆነው ለምንድን ነው? ትርፋቸው ሰማይ ሲነካ አክሲዮናቸው በዓመት ትርፋቸው 4 ወይም 5 እጥፍ ብቻ ይሸጣል። ርካሽ ነው ብዬ ገባሁ። አልነበረም።


ረጋ ብሎ

የነሱ ትርፍ ወቅት አለው። የብረት ዋጋ ሲወደድ ትርፉ ይፈነዳል። ግን ዋጋው ሁልጊዜ እንደዚያ እንደማይቆይ ገበያው ያውቃል። ስለዚህ ለጫፉ ትርፍ ብዙ እጥፍ አይከፍልም። እጥፉ ትንሽ የሚመስለው ትርፉ ከልክ በላይ ስለሆነ ነው። በተቃራኒው፣ ኪሳራ ላይ ባሉበት ጊዜ አክሲዮናቸው መውጣት ይጀምራል። መጥፎው ዘመን ማብቂያው ሲታይ ማለት ነው።

ገበያው በሙሉም እንዲህ ያደርጋል። የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በመዝጊያ ዋጋ ዝቅተኛውን ነጥብ የነካው ማርች 9 ቀን 2009 ነው። ያኔ የኩባንያዎች ዜና ሁሉ ጨለማ ነበር። የአሜሪካ ሥራ አጥነት ጫፉን የነካው ከሰባት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር ላይ ነው። ዋጋው ግን በዚያ መሃል ብዙ መንገድ ሄዶ ነበር። መልካም ዜና እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ያ ሁሉ አመለጠው።


እውነቱን እንነጋገር

እሺ። ብዙውን ተቀብያለሁ። አሁንም ግን ሁለት ነገር አለኝ፣ ከልቤ ነው የምለው።

አንደኛ፣ ገበያው ያን ያህል አዋቂ ከሆነ ኤንሮን የሚባለውን የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ እንዴት አላየውም? በ2000 ዓመት ሪፖርቱ 979 ሚሊዮን ዶላር አተረፍኩ አለ። አክሲዮኑ በዚያ ዓመት 90 ዶላር ደርሶ ነበር። በዲሴምበር 2001 ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። አክሲዮኑም ከአንድ ዶላር በታች ሆነ። ሁሉም ሰው ለሐሰተኛ ትርፍ ነው እውነተኛ ገንዘብ የከፈለው። ጡረታቸውን በሙሉ እዚያ ያስቀመጡ ሠራተኞች ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ቦል እና ብራውንን ጠቅሳችኋል። እኔም ስለነሱ አነበብኩ። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም ዋጋው በዚያው አቅጣጫ መሄዱን እንደሚቀጥል አይተዋል። በ1989 በርናርድ እና ቶማስ የሚባሉ ሰዎችም በሰፊው አረጋገጡት። ጥሩ ዜና ያመጡ አክሲዮኖች ለሳምንታት ቀስ እያሉ መውጣታቸውን ይቀጥላሉ። መጥፎዎቹ መውረዳቸውን። ዋጋው ሁሉን ቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ይህ መንሸራተት ከየት መጣ?


የሒሳብ መዝገብ

ሁለቱም ትክክል ነው። ገበያው ሁሉን ያውቃል ያለ ሰው እዚህ የለም። ገበያው የሰዎች ስብስብ ነው። ሰው ደግሞ ዜናን ቀስ ብሎ ነው የሚያምነው። አንድ ጊዜ ከግምት በላይ ያተረፈ ኩባንያ በሚቀጥለውም ሩብ ዓመት እንዲያ የማድረግ ዕድል አለው፣ ብዙ ሰው ግን "አጋጣሚ ነው" ብሎ ያልፈዋል። መንሸራተቱ ከዚያ ነው የሚመጣ ይመስለኛል።

ኤንሮን ለኔ የሙያዬ ቁስል ነው። ለብዙ ዓመት ከተፈረመ ውል የሚጠበቅን፣ ገና ያልገባ ገንዘብ ከጅምሩ እንደ ትርፍ ይመዘግቡ ነበር። ዕዳውን ደግሞ ከመዝገቡ ውጭ በተቋቋሙ ድርጅቶች ውስጥ ደበቁት። ስለዚህ ትርፍ ሳይ ሁልጊዜ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን አብሬ እከፍታለሁ። ትርፍ በየዓመቱ እያደገ ከሥራው የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ካልተከተለው፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አንድ አክሲዮን አልነካም። መልሱ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ለደንበኞቹ በዱቤ ሊሸጥ ይችላል። ግን መልሱን ማወቅ አለብኝ።


ጀማሪ ባለአክሲዮን

ተመለስኩ። ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። የሁለቱንም ኩባንያ ሪፖርት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

የመጀመሪያው፣ የሸጥኩት፦ ከ14 በመቶው የትርፍ ዕድገት ውስጥ ትልቁ ክፍል የመጣው ከሕንጻ ሽያጭ ነው። ማብራሪያው 31ኛው ገጽ ላይ ነበር። ሕንጻውን ሳወጣው ትርፉ ያደገው 3 በመቶ ብቻ ነው። የተንታኞች አማካይ ግምት ደግሞ 8 በመቶ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት የሰጡትን የገቢ ግምትም ዝቅ አድርገውታል። ያን ቀን እኔ ያነበብኩት ርዕሱን ነው። ገበያው ያነበበው 31ኛውን ገጽ ነው። አሁን መውረዱ አይገርመኝም። መልሼ ልግዛው ወይስ ልተወው የሚለውን ገና አልወሰንኩም።


ቁጥር ወዳድ

ጎበዝ! የምር ነው የምልህ። ስትወስን ግን የሸጥክበትን ዋጋ እርሳው። በስንት እንደገዛህ፣ በስንት እንደሸጥክ ኩባንያው አያውቅም። ዛሬ ባለው ዋጋ፣ ዛሬ በምታውቀው ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየኸው አድርገህ አስበው።


የቆየሁ

ሁለተኛውስ ልጄ? ባንክ ያለውን ገንዘብ አየኸው?


ጀማሪ ባለአክሲዮን

አየሁት ጋሼ። 240 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ አለው። በየሩብ ዓመቱ 30 ሚሊዮን ይጨርሳል። ስምንት ሩብ ዓመት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ይበቃዋል ብዬ ደስ አለኝ።


የሒሳብ መዝገብ

የዕዳውን ማብራሪያ አይተሃል? የሚከፈልበት ቀን መቼ ነው የሚለውን?


ጀማሪ ባለአክሲዮን

አላየሁም ነበር። አሁን ከፈትኩት። 150 ሚሊዮን ዶላር ብድር አለ። የሚከፈለው ከ14 ወር በኋላ ነው።

ሠራሁት። በ14 ወር ውስጥ 140 ሚሊዮን ይጨርሳል። 100 ሚሊዮን ይቀረዋል። ዕዳው 150 ነው። 50 ሚሊዮን ይጎድለዋል።


የሒሳብ መዝገብ

አዎ። ኪሳራው በየሩብ ዓመቱ እየቀነሰ ከሄደ ጉድለቱ ሊያንስ ይችላል። ብድሩንም ሊያራዝሙት ይችላሉ። ካልሆነ ግን አዲስ አክሲዮን ማውጣት ሊኖርባቸው ነው፣ ልክ ጋሼ እንደነገሩን። ኩባንያው ስለዚህ የጻፈው ነገር ካለ "ስጋቶች" በሚለው ክፍል ውስጥ ነው የሚገኘው።


ጀማሪ ባለአክሲዮን

አንድ አንቀጽ አለ። "የተለያዩ አማራጮችን እየተመለከትን ነው" ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ለኩባንያው የባለሀብቶች ግንኙነት ክፍል ጥያቄዬን ጽፌ ልኬያለሁ። ብድሩን ለማራዘም እየተነጋገሩ እንደሆነ፣ አዲስ አክሲዮን ለማውጣት ከባለአክሲዮኖች ፈቃድ አግኝተው እንደሆነ ጠይቄያለሁ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።